የቶኪንግ ሄድስ አልበሞች፦ ድምፃቸው እንዴት እየተለወጠ ሄደ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ቶኪንግ ሄድስ በ1975 ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሥርቶ በ1991 መበተኑ የተነገረ የኒው ዌቭ (ከፐንክ ሮክ የወጣ የሙዚቃ ዘርፍ) ባንድ ነው። አባላቱ አራት ናቸው፦ ድምፃዊና ጊታሪስት ዴቪድ በርን፣ ቤዝ ተጫዋቿ ቲና ዌይማውዝ፣ ድራመሩ ክሪስ ፍራንትዝ፣ ኪቦርድና ጊታር የሚጫወተው ጄሪ ሃሪሰን። ከአልበም አልበም ድምፃቸው ስለሚለያይ አዲስ አድማጭ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጠቅላላ ስንት አልበም አላቸው?

ስምንት የስቱዲዮ አልበሞች፦ «ቶኪንግ ሄድስ፡ 77» (1977)፣ «ሞር ሶንግስ አባውት ቢልዲንግስ ኤንድ ፉድ» (1978)፣ «ፊር ኦፍ ሚዩዚክ» (1979)፣ «ሪሜይን ኢን ላይት» (1980)፣ «ስፒኪንግ ኢን ታንግስ» (1983)፣ «ሊትል ክሪቸርስ» (1985)፣ «ትሩ ስቶሪስ» (1986) እና «ኔክድ» (1988)። በዚያ ዘመን ከመድረክ ተቀድተው የወጡት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ «ዘ ኔም ኦፍ ዚስ ባንድ ኢዝ ቶኪንግ ሄድስ» (1982) እና «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ» (1984)።

የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞች በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ የወጡ ናቸው። ትልቁ ለውጥም የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሰምቻቸው አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?

ብዙ ሰው «ሪሜይን ኢን ላይትን» ይጠቁማል። እኛ አንስማማም። አልበሙ ትልቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ባንዱ ከምን ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ ለማያውቅ ሰው የተደራረበ ጫጫታ ሊመስለው ይችላል።

በ«ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ» ይጀምሩ፤ ቢቻል በፊልሙ። ጆናታን ዴሚ በታኅሣሥ 1983 ሆሊውድ በሚገኘው ፓንቴጅስ ቴአትር የቀረጸው የመድረክ ሥራ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ በርን ጊታሩን ይዞ ብቻውን ይወጣል። ቀጥላ ዌይማውዝ ትመጣለች፣ ከዚያ ፍራንትዝ፣ ከዚያ ሃሪሰን፤ በየዘፈኑ ሰው እየተጨመረ መጨረሻ ላይ መድረኩ ላይ ዘጠኝ ይሆናሉ። የባንዱ ታሪክ በአንድ ምሽት ተጨምቆ እንደማየት ነው። ከዚያ ወደ 1978ቱ አልበም፣ ቀጥሎ ወደ 1980ው ይለፉ። ጆሮዎ አጫጭርና ጣፋጭ ዘፈን የሚወድ ከሆነ «ሊትል ክሪቸርስ» ቀላሉ በር ነው። «ኔክድን» ለመጨረሻ ያቆዩት።

የመጀመሪያው አልበም ለምን ደረቅና ባዶ ይመስላል?

በርን፣ ዌይማውዝና ፍራንትዝ የተገናኙት በፕሮቪደንስ የሮድ አይላንድ ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። በ1975 ሲቢጂቢ በሚባለው የኒው ዮርክ ክለብ ለራሞንስ ባንድ መክፈቻ ሆነው ሲወጡ ሦስት ብቻ ነበሩ። ሃሪሰን የተቀላቀላቸው በ1977 ነው። ስለዚህ ዘፈኖቹ አስቀድመው ለሦስት ሰው የተቀናበሩ ናቸው፤ ክፍተቱ ያኔ የተተወ ነው።

አካባቢያቸው የነበሩት የፐንክ ባንዶች ክፍተቱን በሚያጉረመርም ጊታር ይሞሉታል። በርን ግን ጊታሩን ንጹሕ አድርጎ፣ ክሮቹን በአጭሩ እየመታና እያፈነ ይጫወታል፤ ከዜማ ይልቅ ወደ ምት ያደላ አጨዋወት ነው። ዜማውን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ የዌይማውዝ ቤዝ ነው። ይህን ልብ ካሉ የኋለኞቹ አልበሞች ከሰማይ የወረዱ አለመሆናቸው ይገባዎታል፤ ቤዙ መሪ፣ ጊታሩ ከበሮ የሆነው ገና ከጅምሩ ነው።

ብራያን ኢኖ መጥቶ ምን ለወጠ?

እንግሊዛዊው ኢኖ ከ1978 እስከ 1980 የወጡትን ሦስት አልበሞች ከባንዱ ጋር ፕሮዲውስ አድርጓል። የመጀመሪያው ባሃማስ፣ ናሳው ውስጥ በኮምፓስ ፖይንት ስቱዲዮ የተቀዳ ነው። የዘፈኖቹ ድርሰት ከ1977ቱ ብዙም አይርቅም። የተለወጠው ድምፁ ነው፤ ቤዝና ድራም ወደፊት ቀረቡ፣ አንዳንድ መሣሪያም በሲንተሳይዘር ውስጥ አልፎ መልኩን እየቀየረ ወጣ። አልበሙ ላይ ያለው የሶል ዘፋኙ የአል ግሪን ዘፈን ጥሩ ማሳያ ነው። ፍጥነቱ ወደ ዝግታ ተጎትቶ በምት መካከል ያለው አየር ሰፋ፤ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥም እስከ 26ኛ ደረሰ።

«ፊር ኦፍ ሚዩዚክ» ላይ ደግሞ ቦታ ተለወጠ። መሠረታዊውን ቅጂ የሠሩት የፍራንትዝና የዌይማውዝ መኖሪያ በነበረው ሎንግ አይላንድ ሲቲ ባለው ሰገነት ውስጥ ነው። ሬከርድ ፕላንት የተባለው ስቱዲዮ ተንቀሳቃሽ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገመዱን በመስኮት አስገባ፤ ኤፕሪል 22 እና ሜይ 6 ቀን 1979፣ በሁለት ቀን። በየቀኑ በሚለማመዱበት ክፍል ስለተጫወቱ ቅጂው ላይ የስቱዲዮ ድንጋጤ የለም። ጨለማው ስሜት የመጣው በኋላ ላዩ ላይ ከተደረበው ነው።

የዚህን አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ሁለት ሦስቴ ይስሙት። ግጥሙ ዳዳ በተባለው የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ ውስጥ ከነበረው ገጣሚ ከሁጎ ባል የተወሰደ ትርጉም የለሽ የድምፅ ግጥም ነው። ባንዱ በዚህ ሁለት ነገር ተማረ፦ ቃል ትርጉም ሳይኖረው እንደ ከበሮ ሊያገለግል እንደሚችል፣ አንድ ዘፈንም ያለ ተራኪ «እኔ» በብዙ ድምፅ ሊቆም እንደሚችል። ወደ 1980 የሚያሻግረው ድልድይ ይህ ነው።

«ሪሜይን ኢን ላይት» በትክክል እንዴት ተሠራ?

አሠራሩ ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ በርን ዘፈን ይዞ ይመጣል፣ ባንዱ ያቀናብራል። በ1980 በጋ ኮምፓስ ፖይንት ሲገቡ ግን በእጃቸው የተጠናቀቀ ዘፈን አልነበረም። አንድ አጭር የቤዝ ወይም የድራም ሐረግ ይነሣል፣ ያው ሐረግ ለደቂቃዎች ሳይቋረጥ ይደጋገማል፣ ሌላው ሌላ ሐረግ ይደርብበታል። የኮምፒውተር ሉፕ ያልነበረበት ጊዜ በመሆኑ ድግግሞሹን የሠራው የሰው እጅ ነው። አልበሙ ሜካኒካል ሳይመስል የሚሽከረከረውም ለዚህ ነው፤ ማንም ሰው አንድን ሐረግ ሁለት መቶ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይመታውም።

ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) አይቀየርም ለማለት ይቻላል። በምዕራቡ የፖፕ አሠራር አዝማች መምጣቱን የሚያበስረው የኮርድ ለውጥ ነው፤ እዚህ ያ መንገድ ተዘግቷል። በምትኩ ሚክሰሩ ላይ አንዱን የመሣሪያ ቡድን ማጥፋት፣ ሌላውን መክፈት ሆነ ቅንብሩ። የግጥሙ ክፍልና አዝማቹ የሚለያዩት ማን ዝም እንዳለና ማን እንደገባ ነው። በትዝታ ወይም በባቲ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር የኖረ የእኛ ጆሮ ይህ ሊከብደው አይገባም።

ድምፅና ግጥም የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። በርን መጀመሪያ ትርጉም በሌለው ክፍለ ቃል ዜማውን ያወጣል፣ ከዚያ ለዚያ ምት የሚስማማ ቃል ይፈልጋል። የአልበሙ ታዋቂ ዘፈን በሆነው «ዋንስ ኢን ኤ ላይፍታይም» ላይ የሚሰማው የስብከት ቃና በሬዲዮ ከሚሰበኩ የአሜሪካ ሰባኪዎች የተወሰደ ነው። በዚያው ዘፈን ላይ ኢኖ የሜዠሩን (የአራት ምት ክፍሉን) አንደኛ ምት ሌሎቹ ከሚቆጥሩበት በተለየ ቦታ ሰምቶት ነበር፤ ስሕተቱ ሳይታረም ቀረ። እግርዎ መሬቱን መቼ እንደሚመታ ካልተስማማልዎ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

እንግዶቹም ድምፁን ቀይረውታል። እንደ እንስሳ የሚጮኹት የጊታር ሶሎዎች የኤድሪያን ቢሉ ናቸው፤ ጭጋግ የሚመስለው ጥሩምባ የጆን ሃሰል፤ ከተቀባዮቹ አንዷ ኖና ሄንድሪክስ ናት።

ታዲያ የአፍሪካ ሙዚቃ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ባንዱ የናይጄሪያዊውን ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲን ሥራ፣ በተለይ የ1973ቱን «አፍሮዲዚያክ» አዘውትሮ ያዳምጥ ነበር፤ ይህን ራሳቸውም አልደበቁም። የወሰዱት ግን የአሠራር ሐሳቡን ነው፤ ማንም ብቻውን ሙሉ ዜማ አይጫወትም፣ እያንዳንዱ ትንሽ ቁራጭ ይይዛል፣ ሙሉው ከመጠላለፉ ይወጣል። የፌላ ባንድ ነፋስ መሣሪያዎች ያበዛል፣ አንድ ዘፈን ብዙ ጊዜ የሸክላውን አንድ ገጽ ይሞላል። ቶኪንግ ሄድስ ያንን ወደ አራትና ስድስት ደቂቃ ጨመቁት፣ የኒው ዮርክ ፈንክ ቤዝ ሰጡት፣ ላዩ ላይ የተጨነቀ የከተማ ሰው አስቀመጡ። መነሻውን ለማየት የፌላን አልበም ቀጥሎ መስማት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ይህን አሠራር ቤቴ ባለው ኮምፒውተር መሞከር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ የትኛውም የመቅጃ ፕሮግራም ይበቃል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይሠራል።

1. ፍጥነቱን በደቂቃ ከ105 እስከ 120 ምት መካከል ያድርጉት። በሁለት ሜዠር፣ ማለትም በስምንት ምት የሚያልቅ የቤዝ ሐረግ ያውጡ። ከስምንቱ ምት ቢያንስ ሦስቱ ዝምታ ይሁኑ፤ የሌሎቹ መሣሪያዎች ቤት እሱ ነው።

2. ሐረጉን ኮፒ አድርገው አይደርድሩት። ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጡ በእጅዎ ይጫወቱት። ድራሙንም፣ ቢያንስ ሻከሩን ወይም ታምቡሪኑን፣ እንዲሁ።

3. ከአራት እስከ ስድስት ተጨማሪ ክፍሎች ይደርቡ። እያንዳንዱ ከሦስት ኖታ አይብለጥ፤ የሚገባውም ሌላው ዝም ባለበት ቦታ ይሁን።

4. ሁሉንም ክፍት አድርገው ከሰሙ በኋላ በሁለት ቡድን ይክፈሏቸው። አንዱ ቡድን የግጥሙ ክፍል፣ ሌላው የአዝማቹ። ቤዝና ድራም ሁለቱም ላይ ይቆያሉ። አሁን በማጥፋትና በመክፈት ብቻ ያቀናብሩ።

5. ድምፅ በመጨረሻ። መጀመሪያ ቃል አልባ ዜማ ይቅዱ፣ ሦስት አራት ሙከራ ያድርጉ፣ ከዚያ የወጣውን ምት እየቆጠሩ ቃል ይስጡት። ለአማርኛ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚጠብቀው ፊደል ረጅም ቦታ ስለሚወስድ ጠበቅ የሚል ቃል በፈጣን ክፍተት ላይ ከጣሉት ይሰናከላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እነዚህ ላይ ነው። ሁሉም ክፍል አንደኛው ምት ላይ ከጀመረ ክምር ይሆናል፤ ግማሹን በግማሽ ምት ወደኋላ ይግፉት። ጊታር፣ ኪቦርድና ድምፅ ሁሉም መካከለኛው ከፍታ ላይ ከተከማቹ ድምፁ ይደፈርሳል፤ አንዱን ኦክታቭ ወደ ላይ ያውጡት። ፕሮግራሙ ምቱን መቶ በመቶ እንዲያስተካክለው ከፈቀዱ ነገሩ ይሞታል፤ ቢያስፈልግ ግማሽ ያህል ብቻ ያስተካክሉ። ሪቨርብ (ድምፅ እንዲያስተጋባ የሚያደርገው) ሲበዛ የተዋቸውን ዝምታዎች ይሞላቸዋል፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ልፋት ከንቱ ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ሜዠር ምንም ካልገባ ወይም ካልወጣ ደግሞ አድማጭ ይሰለቻል።

በዘፈን ደራሲነት ላይ የተነሣው ቅሬታ ምንድን ነው?

አሠራሩ ያመጣው ጣጣ ነው። ዘፈን ተጠናቆ ሲመጣ ደራሲው ይታወቃል፤ አምስት ሰው በየተራ ሲደርብ ግን ማን ደረሰው? በ1980ው ሸክላ ላይ የበርንና የኢኖ ስም ለብቻ ተለይቶ፣ የተቀሩት «ቶኪንግ ሄድስ» በሚል ጥቅል ሰፈሩ። ይህ ሌሎቹን አስቀየመ። ከዚያ በኋላ ኢኖ ከባንዱ ጋር አልበም አልሠራም።

ያለ ኢኖ «ስፒኪንግ ኢን ታንግስ» ምን ሆነ?

ሦስት ዓመት ተራራቁ። በ1981 ዌይማውዝና ፍራንትዝ ቶም ቶም ክለብን አቋቋሙ፣ ሃሪሰን የራሱን አልበም አወጣ። በ1983 ሲመለሱ አልበሙን ራሳቸው ፕሮዲውስ አደረጉ። የደረባ አሠራሩ አልቀረም፤ ነገር ግን የኮርድ ለውጥና ግልጽ አዝማች ተመለሱ፣ ሲንተሳይዘሩ በዛ፣ ቃናው በራ። በአሜሪካ ወደ መጀመሪያዎቹ አሥር የገባላቸው ብቸኛ ዘፈን (9ኛ) የተገኘው ከዚህ አልበም ነው።

የመጨረሻውን ዘፈን ሲሰሙ መሣሪያ መለዋወጣቸውን ያስታውሱ። ዌይማውዝ ጊታር፣ ሃሪሰን ቤዙን በኪቦርድ ይዘዋል። ከዳር እስከ ዳር ያው ትንሽ ሐረግ ይዞራል። የለመዱትን መሣሪያ ስላልያዙ ማሳመር አልቻሉም፤ ውበቱ ከዚያ ነው።

የ1983ቱ አልበም በሸክላና በካሴት ርዝመቱ ለምን ይለያያል?

በካሴቱ ላይ የተወሰኑት ዘፈኖች ረዘም ብለው ነው የወጡት። የሸክላ አንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ ብዙ ካለፈ ጎድጓዳ መስመሮቹ መጠባበብ አለባቸው፤ ሲጠብቡ ቤዙና የድምፁ ጉልበት ይቀንሳል። ካሴት ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ ያገለገለ ሸክላ ገዝተው «ዘፈኑ ተቆርጧል» ብለው ከሻጭ ጋር አይጣሉ።

የ«ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ» የትኛው ቅጂ ይሻላል?

የ1984ቱ ዘጠኝ ዘፈን ብቻ ይዟል። የ1999ኙ አሥራ ስድስት ሆነ። ፊልሙ በ2023 ታድሶ ሲወጣ የተከተለው አልበም ሁለት ተጨምሮበት አሥራ ስምንት ደርሷል። ካለዎት ምርጫ የመጨረሻውን ይያዙ። አንድ ነገር እንንገርዎ፦ መክፈቻው ላይ በርን ቴፕ ማጫወቻ መሬት ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው የሚሰማው ምት ከዚያ ቴፕ አይደለም፤ ሮላንድ ቲአር-808 ከተባለ የድራም ማሽን በሚክሰሩ በኩል የመጣ ነው።

«ሊትል ክሪቸርስ» እና «ትሩ ስቶሪስ» ለምን ቀለል ይላሉ?

በርን እንደ ድሮው የተጠናቀቀ ዘፈን ይዞ መጣ። አሠራሩ ሲመለስ ድምፁም ወደ አጭር ዘፈን ተመለሰ፤ ነገር ግን የ1977ቱ መሰናከል የለበትም፤ የካንትሪ ስቲል ጊታርና አኮርዲዮን ሳይቀር ገብቶበታል። በአሜሪካ ከስቱዲዮ አልበሞቻቸው ይበልጥ የተሸጠው «ሊትል ክሪቸርስ» ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ።

«ትሩ ስቶሪስ» ደካማው ነው። ዘፈኖቹ የተጻፉት በርን ባዘጋጀው ፊልም ላይ ተዋንያን እንዲዘፍኗቸው ነበር፤ በባንዱ አልበም ላይ የሚሰሙት ግን በርን ሲዘፍናቸው ነው። የሌላ ሰው ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። ተዋንያኑ የዘፈኗቸውን የያዘው ሙሉ የፊልሙ ሙዚቃ በ2018 ወጥቷል፤ እሱን ይምረጡ። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ስሙን ያገኘው ከዚህ አልበም ዘፈን ነው።

«ኔክድ» ወደ 1980ው መመለስ ነው?

በከፊል። ፓሪስ ውስጥ በስቲቭ ሊሊዋይት ፕሮዲውሰርነት ተሠራ፤ እንደገና መጀመሪያ ምት፣ በኋላ ግጥም። ልዩነቱ በ1980 አራቱና ኢኖ በድረባ ያመጡትን ብዛት አሁን ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ተጫወተው፤ በፓሪስ የነበሩ አፍሪካውያን ሙዚቀኞች፣ ከእነሱም የጊኒው ሞሪ ካንቴ በኮራ፣ እንዲሁም የስሚዝስ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ጆኒ ማር። ነፋስ መሣሪያዎቹ በዝተዋል፣ ድምፁም ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ያስጨፍራል፤ ሁለተኛው ወደ ጨለማ ይገባል፣ እዚያ ጋ ብዙ አድማጭ ያቆማል።

በስልኬ ስሰማቸው ቀጭን የሚሆኑት ለምንድን ነው?

የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ትንሿ ስፒከር ከዚያ እጅግ በላይ ካለው ነው የምትጀምረው። የዚህ ባንድ ዜማ ቤዙ ላይ ስላለ ቤዝ ሲጠፋ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል። ርካሽም ቢሆን የሚሰካ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ቤዙን ብቻ ይከተሉ።

የ2005ቱ እትሞች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ስምንቱም አልበሞች ድምፃቸው ታድሶ፣ ተጨማሪ ዘፈን ታክሎባቸው፣ «ብሪክ» በተባለ ሳጥን ወጥተዋል። የዲስኩ አንዱ ገጽ እንደ ሲዲ ይሠራል፣ በሌላው ሃሪሰንና ኢ.ቲ. ቶርንግሬን ያዘጋጁት የ5.1 ሚክስ አለ። ባለ አምስት ስፒከር ሲስተም ላለው «ሪሜይን ኢን ላይት» በዚህ መልኩ መሰማት አለበት፤ ድርቡ እያንዳንዱ በየቦታው ይለያል። ዲስኮቹ ከተለመደው ሲዲ ትንሽ ወፈር ስለሚሉ ግን ዲስክ በሚውጡ የመኪና ማጫወቻዎች ውስጥ አይክተቷቸው፤ ሊቀረቀሩ ይችላሉ።

አብረው ይጫወታሉ?

አራቱ በ2002 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገቡ አብረው ተጫውተዋል። በ2023 በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለውይይት ብቻ።

ስምንቱን ጨረስኩ፤ ከዚህ በኋላስ?

በርንና ኢኖ በ1981 ያወጡትን «ማይ ላይፍ ኢን ዘ ቡሽ ኦፍ ጎስትስ» ይስሙ፤ በዘፋኝ ፈንታ ከሬዲዮና ከሸክላ የተወሰዱ ድምፆች ናቸው፣ አብዛኛው የተሠራውም ከ«ሪሜይን ኢን ላይት» በፊት ነው። ከዚያ የቤኒኗ አንጀሊክ ኪጆ በ2018 «ሪሜይን ኢን ላይትን» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና የሠራችበትን ያግኙ። ከሙዚቀኞቹ አንዱ የፌላ ድራመር የነበረው ቶኒ አለን ነው። የሁለቱን አልበሞች የመጀመሪያ ዘፈን አከታትለው ይክፈቱና አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ፤ በ1980ው ቅጂ ሲንተሳይዘር በነበረበት ቦታ አሁን ማን እንደገባ።